ከስልክ የጎደለው አምበል

ባለፈው ሰኔ ከፋ ውስጥ፣ ቢታ ገነት ላይ ዝናብ አግቶኝ ከአንዲት ጠባብ የስልክ መጠገኛ ቤት ተጠልዬ ሳለሁ፣ ዕድሜው ከአሥራ ሦስት የማይዘል ልጅ ሚሞሪ ካርዱን ለባለሱቁ አቀብሎ «የድሮግባን ጫንልኝ፤ የተንበረከከበትን» ሲል ሰማሁ። ነገሩም ከዚያ ወዲህ አላስተኛኝም።

ልጁ የጠየቀው መስከረም 28 ቀን 1998 ዓ.ም. ኦምዱርማን ላይ ኮትዲቯር ሱዳንን 3 ለ 1 ረትታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ባለፈች ምሽት፣ ድሮግባ ማይክራፎን ይዞ፣ ከጓዶቹ ጋር በጉልበቱ ወድቆ፣ በእርስ በርስ ጦርነት የተከፈሉትን ወገኖቹን ይቅር ተባባሉ ብሎ የለመነበትን ምስል ነው። ከሜዳ ከተሰናበተ ዓመታት ቢቆጠሩም ገድሉ እንደ ስንክሳር በየዕለቱ በስልክ ይነበባል፤ ግንቦት 11 ቀን 2004 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በጭንቅላቱ ያስቆጠራት ጎልም እንደዚሁ። እኔም የምጠላው አይደለሁም።

«ሉቻኖ ቫሳሎንስ?» አልኩት ባለሱቁን። «ጣሊያን ነው?» አለኝ።

አስመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው ሉቻኖ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ከግብጽ ጋር በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የኢትዮጵያ ቡድን አምበል ነበር። ግብጽ ሁለት ጊዜ መርታ፣ የመጀመሪያውን ግርማ ተክሌ፣ ሁለተኛውን ጨዋታው ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ሲቀር ራሱ ሉቻኖ አቻ ካደረገ በኋላ፣ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ፤ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ዋንጫውንም ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ በእጃቸው ሰጡት። ኋላ ሉቻኖ በስደት ጣሊያን ኖሮ በ2015 ዓ.ም. መስከረም አረፈ።

በዚያ የፍጻሜ ጨዋታ በሕፃንነታቸው የታደሙ፣ ኋላ ግን ለማስተማር ወደ ከፋ ወርደው በዚያው የቀሩ ጡረተኛ መምህር ቦንጋ ላይ አገኘሁ። «አጥሩ ላይ ተሰቅዬ ነበር፤ አራተኛዋ ስትገባ አጥሩም እኛም አብረን ወደቅን፤ አንድ እግር ጫማዬን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም» አሉኝ። ስለ መንግሥቱም «ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ሕዝቡ ጸጥ ይላል፤ የሚጮኸው ኋላ ነው» አሉ። የልጅ ልጆቻቸው ይህን ያምኑ እንደሆነ ብጠይቃቸው «ቪዲዮው የት አለ ይሉኛል፤ እኔ ነኝ ቪዲዮው እላቸዋለሁ» ብለው ሳቁ።

የዚያን ዘመን ፊልምና ሥዕል ሰብስቦ ለሕዝብ ስለ መልቀቅ የጠየቅኋቸው አንድ ኃላፊ በአዲስ አበባ «በደብዳቤ አምጣው» አሉኝ፤ ደብዳቤው ከገባ ወዲያ ግን ስልኬን ማንሣት ተዉ። ሕፃናቱ በበኩላቸው የአቢጃኑን ሰው ይኮርጃሉ፤ ጎል ባገቡ ቁጥር ጭቃው ላይ ይንበረከካሉ።

ዝናቡ አባርቶ ልወጣ ስል ባለሱቁ ስሙን በወረቀት ጻፍልኝ፣ ኔትወርክ ሲመለስ እፈልገዋለሁ አለኝ። ብዕሩን ይዤ ሉቻኖ ልበል ሉቺያኖ፣ በፊደላችን ልጻፈው በላቲን ስል፣ ልጁ ካርዱን ተቀብሎ ሄደ።