ባቡሩ ወደ ኋላ ሲሄድ አትደንግጡ

"ሰርጉ ይቆይ" የሚል ቃል የሰማ እጮኛ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነው፤ "በቃ፣ ልትተወኝ ነው!" ዙሪክ የሚኖር ጓደኛዬም ያለው ይህንኑ ነው። እጮኛው የነርስነት ትምህርቷን እስክትጨርስ ሰርጉ በአንድ ዓመት እንዲገፋ ጠየቀችው። ልጁ ጦፈ። ቀለበቱን አውልቆ ሊመልስላት ሁሉ አሰበ።

እኔ እንግዳቸው ነበርኩ፤ ሽምግልናው ደግሞ አይሆንልኝም። እንደተኳረፉ ሦስታችንም ከሉሰርን ወደ ኢንተርላከን በሚሄደው ባቡር ተሳፈርን።

መስመሩ የብሩኒግ መስመር ይባላል። የሐዲዱ ስፋት እንደ ድሮው የለገሃር ባቡር 1 ሜትር ነው። ከሉሰርን ተነስቶ ሐይቅ በሐይቅ ሲል ይቆይና ጊስቪል የምትባል ከተማን ሲያልፍ ዳገቱ ይጀምራል። በየ100 ሜትሩ እስከ 12 ሜትር የሚወጣበት ቦታ አለ። ምን አለፋችሁ፣ ተራ ጎማ እዚያ ላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ጥርስ ያለው ሌላ ሐዲድ ተዘርግቷል። ባቡሩ ከሆዱ ሥር ባለው ጥርሳም ጎማ እሱን እየነከሰ፣ ቀስ እያለ 1002 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል።

ጉዱ ያለው ከቁልቁለቱ በኋላ፣ ማይሪንገን ላይ ነው። ባቡሩ ጣቢያ ገብቶ ጥቂት ይቆምና ፊቱን አዙሮ ይወጣል! ፊት ለፊት እያየ የመጣ ሰው የኋሊት መጓዝ ይጀምራል።

"ምነው፣ እየተመለስን ነው እንዴ?" አለ ጓደኛዬ።

"ሰሌዳውን አንብበው" አለችው። "ኢንተርላከን ነው የሚለው።"

ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የብሪየንዝን ሐይቅ ይዞ ነው። ከበረዶ ግግር ሥር የሚመጣ የድንጋይ ብናኝ ውሃውን አረንጓዴ አስመስሎታል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1888 ብሪየንዝ ቢገባም በሐይቁ ዳር ኢንተርላከን የደረሰው በ1916 ነው። እስከዚያ ድረስ፣ 28 ዓመት ሙሉ፣ መንገደኛው ብሪየንዝ ላይ እየወረደ በመርከብ ይሻገር ነበር።

ኢንተርላከን ልንደርስ ስንል ጓደኛዬ "ትምህርቱ በየትኛው ወር ነው የሚያልቀው?" ብሎ ጠየቃት። ወሩን ነገረችው። ፊቱ ባይፈታም ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

እናንተስ? "ይቆይ" ስትባሉ ከመጦፋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ወዴት ነው የምንሄደው? መቼ እንደርሳለን? መልስ ካገኛችሁ ጉዞው የኋሊት ቢመስልም ታገሡ። መድረሻውንም ሰዓቱንም የማይነግራችሁ ከሆነ ግን፣ እህቴም ወንድሜም፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ በሚቀጥለው ጣቢያ ውረዱ።