የአልሙኒየም ላሜራ መቁረጥና ማጠፍ



መምህራችን «በቤታችሁ ከሚሠራው አንድ ሥራ መርጣችሁ አስረዱ» ብለውን ነበር። ጓደኞቼ እንጀራና ቡና መረጡ። እኔ ላሜራ መረጥሁ። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

አያቴ እማማ እንጀራ የሚጋግሩት ሚርፔሴት ላይ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሊጡ ይንጠባጠባል፤ የእንጨት ጠረጴዛውም ከሙቀቱ የተነሣ ጠቁሯል። ስለዚህ ከምጣዱ ሥር የሚቀመጥ፣ አራት ጎኑ ከፍ ያለ ትሪ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ አጎቴ ከብረት ሠራው። ቲራት ካርሜል ግን ከካርሜል ተራራ ሥር፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ናት። ጨው ያለበት ነፋስ ብረቱን በልቶ አዛገው። አልሙኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ አየር ሲነካው ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ቆዳ ያወጣና ራሱን ይሸፍናል። ክብደቱም ቀላል ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ብረት 7.9 ግራም ያህል ሲመዝን፣ አልሙኒየም 2.7 ግራም ብቻ ነው። እማማ ብቻቸውን አንሥተው ማጠብ ይችላሉ።

አልሙኒየም ሁሉ አንድ አይደለም። ሻጩን ቁጥሩን መጠየቅ ይገባል። 1050 የሚባለው ለስላሳ ነው፤ 5052 ጠንከር ያለ ሆኖ በደንብ ይታጠፋል። 6061 ቲ6 የሚባለው ግን ጠንካራ ስለሆነ በቀጭን ማዕዘን ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። እኛ የወሰድነው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 5052 ነው።

ለመቁረጥ ጂግሶ የሚሉትን የኤሌክትሪክ መጋዝ ተጠቀምን። አልሙኒየም ለስላሳ ስለሆነ ከመጋዙ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሻማ ሰም ምላጩን መቀባት። እኛ የቀባነው ከሰንበት የተረፈ ሻማ ነው፤ እማማ አይተው አልወደዱትም። ላሜራው እንዳይንቀጠቀጥ በሁለት ስስ ጣውላ መካከል ይታሰራል፤ መጋዙም ቀስ ብሎ ይሄዳል። መነጽር የግድ ነው። ለብረት በተሠራ የመሞረጃ ድንጋይ አልሙኒየም መሞረድ ደግሞ ክልክል ነው። አልሙኒየሙ የድንጋዩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ድንጋዩ ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

የእጥፋቱ መስመር በእርሳስ እንጂ በሚስማር አይሰመርም። ጭረት ካለ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በአራቱ ማዕዘን ካሬ ቆርጠን ከማውጣታችን በፊት ደግሞ በካሬው የውስጥ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሳን፤ ሁለት እጥፋት የሚገናኙበት ቦታ እንዳይቀደድ ነው።

ለማጠፍ በቤት ውስጥ ትልቅ ማሽን የለም። ላሜራውን በሁለት አንግል ብረት መካከል አድርገን በሞርሳ አጠበቅነው፤ ከዚያ የወጣውን ጎን በእንጨት መዶሻ ከዳር እስከ ዳር ጥቂት ጥቂት እየመታን አጠፍነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢመታ ይጎብጣል። የአንግሉ ጠርዝ ስለት ከሆነ ላሜራው ይሰነጠቃል፤ አስቀድሞ በሞረድ ማክበብ ያስፈልጋል። አልሙኒየም ሲለቁት ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከ90 ዲግሪ ትንሽ አሳልፎ መምታት ነው። ሁለቱ ጎኖች ከቆሙ በኋላ ረጅሙ አንግል በመካከላቸው አይገባም። ይህን ያወቅነው ሦስተኛው ጎን ላይ ስንደርስ ነው፤ አንግሉን እንደገና አሳጠርነው።

የመጀመሪያው ትሪ ተበላሸ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወለሉ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ግድግዳው 4 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን 70 ሲደመር 4 ሲደመር 4 ብዬ 78 ቆረጥሁ። ትሪው ሰባት ስምንት ሚሊ ሜትር በልጦ በግድግዳውና በማቀዝቀዣው መካከል አልገባም። ምክንያቱ ላሜራ ሲታጠፍ ውጭኛው ገጹ መለጠጡ ነው። አባባ (ወንድ አያቴ) ምንም ሒሳብ ሳይጽፉ «ቁራጭ አጥፈህ ለካ» አሉኝ። 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ መካከሉን አጥፌ ሁለቱን እግሮች ከውጭ ለካሁና ደመርኋቸው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ተኩል ሆነ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እጥፋት 3 ሚሊ ሜትር ተኩል እየቀነስሁ በ77 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ቆረጥሁ። ሁለተኛው ልክ ገባ።

አባባ ይህን እንዴት እንዳወቁ ያን ቀን አልጠየቅኋቸውም። በሰባተኛ ክፍል የሾራሺም ሥራ ስሠራ «በኢትዮጵያ ምን ይሠሩ ነበር?» ብዬ ጠይቄያቸው «ገበሬ ነበርሁ» ብለውኝ እንደዚያው ጽፌ ነበር።

ከዚያ ለትሪው እጀታ ለማድረግ ከአሮጌ መሰላል የተቆረጠ አልሙኒየም ልናጥፍ ሞከርን። ተሰነጠቀ። አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው «ሳታግሉት እንዴት ይታጠፋል?» አሉና የአጎቴን የጋዝ እሳት ያዙ። እንደ ፍም ቀልቶ እስኪያዩት ጠበቁ። አልቀላም። እንደ ብር እያበራ ቆየና በድንገት ለምቦጭ ብሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አባባ እሳቱን አጥፍተው ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤት ወጡ።

ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በፊት ይቀላል፣ ብርቱካን ይመስላል፣ ቢጫ ይሆናል፤ ባለሙያ በዓይኑ ያነበዋል። አልሙኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቅይጡ ከዚያም በታች። በቀን ብርሃን ሳይቀላ ነው የሚፈሰው። ደግሞም አዲስ ብረት ነው። በርካሽ ማውጣት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1886 ሆል በአሜሪካ፣ ኤሩ በፈረንሳይ ሳይተዋወቁ የኤሌክትሪኩን ዘዴ ካገኙ በኋላ ነው። አባቶቻችን ጠባዩን ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

አጎቴ ከሥራ ባልደረቦቹ ዘዴውን ጠይቆ መጣ። ላሜራው ላይ ሳሙና ይቀባል፤ ከጀርባው ቀስ እያለ ይሞቃል፤ ሳሙናው ቡናማ ሆኖ ሲጠቁር እሳቱ ይነሣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ለስልሶ ይታጠፋል፤ ጥንካሬው ግን ይቀንሳል። ሲግል ቀለሙ ስለማይለወጥ ማንም በእጁ እንዳይነካው መጠንቀቅ ነው።

አባባን ጠራኋቸው። ሳሙናው ሲጠቁር አይተው ሳቁ። ያን ዕለት ማታ ነው የነገሩኝ። በጎንደር አባታቸው ወናፍ ነበራቸው፤ እሳቸውም ልጅ ሆነው ወናፉን ይነፉ ነበር፤ በኋላ ራሳቸው ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። ብዙ ቤተ እስራኤል ርስት ስላልነበራቸው በእጅ ሥራ ይኖሩ ነበር፤ ማረሻውን የሚገዛው ገበሬ ግን ባለእጁን ቡዳ ይለው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ስድቡ ግን አልቀረም። «ያን ስም ወደዚህ አገር ይዤ ልመጣ አልፈለግሁም» አሉኝ። እኔ ቡዳ የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ሲያስረዱኝ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ይህን እንድጽፍ ፈቃዳቸውን ጠይቄ «ጻፈው» ብለውኛል። የሰባተኛ ክፍሉን ሥራዬንም አርሜዋለሁ።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርስ። የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ በሞረድ ይለሰልሳል፤ አለዚያ እጅንም የምጣዱን ገመድም ይቆርጣል። አልሙኒየም ሙቀት ቶሎ ስለሚያስተላልፍ ከትሪው ሥር አራት የሸክላ ንጣፍ ቁራጮች አደረግን። ተራ የብረት ብሎን አይደረግበትም፤ ሁለቱ ብረቶች ጨው ባለበት እርጥበት ሲገናኙ አልሙኒየሙ ይበላል። የማይዝግ ብሎን ከጎማ ማስገቢያ ጋር ይሻላል።

ጠርዙን የሞረዱት አባባ ናቸው። ሞረዱን እስካሁን ለአጎቴ አልመለሱም፤ ከአልጋቸው አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነው።