ጌሾ፦ ዶላር የማያመጣው ቅጠል

በኦሮራ ከተማ በቻምበርስ ሮድ በኩል የሚያልፍ ወገናችን ሐበሻ ሱቅ ጎራ ሲል በርበሬውን አሽትቶ፣ ሽሮውን መርጦ፣ በቡናው ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። ጌሾውን ግን ማንም አይመርጠውም። በላስቲክ የታሸገ ደረቅ ቅጠል ወይም የተሰባበረ እንጨት ነው፤ ለፋሲካ ወይም ለሠርግ ጠጅ የሚጥል ሰው አንስቶት ይሄዳል፣ አለቀ። ከጎጃም ይምጣ ከትግራይ የሚጠይቅ የለም። በሀገር ጉዳይ ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከር ሰዎች ይህን መራራ ነገር ማን እንደተከለው አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቃችን ያስገርማል።

ጌሾ በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ደጋ አንስቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል። ቁጥቋጦ ነው፤ ካልተቆረጠ ግን እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ቅጠሉ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአፍሪካንስ ቋንቋ «ብሊንክብላር»፣ አንጸባራቂ ቅጠል ማለት ነው፣ የተባለውም ለዚህ ነው። አበባው እዚህ ግባ የማይባል፣ ፍሬው አተር የሚያህል፣ መጀመሪያ ቀይ ኋላ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ነው። በዚያ በደቡብ ሰዎች መብረቅና ክፉ ነገር እንዲመልስላቸው ይገለገሉበታል። የእኛ ሰዎች ደግሞ ጋን ውስጥ ጨመሩት።

የዕፅዋት ሊቃውንት ጌሾን የሚመድቡት ሮዛሌስ ከሚሉት ሰፊ ነገድ ነው። ጽጌረዳ፣ ኮሶና ፖም፣ እንዲሁም ዐረቦች ሰፈርጀል የሚሉት፣ በዚህ ሀገር በመኸር ወራት ገበያ የሚወጣው ቢጫው ኩዊንስ የዚሁ ነገድ አባላት ናቸው። ፈረንጆች ቢራቸውን የሚያመርሩበት ሆፕስም እንዲሁ። ከዚህ ብዙም በማይርቀው በጎልደን ከተማ ኩርስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ በሆፕስ ቢራ ሲጠምቅ ኖሯል፤ የፈረንጅ ጌሾ ብንለው ያስኬዳል።

የጌሾ ምሬት ከየት እንደሚመጣ የነገሩን የራሳችን ሰዎች ናቸው። ኬሚስቶቹ ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጥናት መራራውን ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ለይተው «ጌሾይዲን» የሚል ስም ሰጡት። በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ እናቶቻችን የሚጠሩት ቃል ገባ ማለት ነው። ይህን ያህል ነገር በሌላ ሀገር ቢሆን ቴምብር ይታተምለት ነበር።

ሥራውንም ባልትና የምታውቅ ሴት ታውቀዋለች። ለጠላ ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል፤ ከዚያ ብቅሉ፣ ቂጣውና እንኩሮው ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ። ለጠጅ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው እንጨቱ ነው። አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውኃ ይበረዝና ጌሾው ይጨመራል፤ ከቀናት በኋላ ወጥቶ ጠጁ ይጣራል። ጌሾ ጣፋጩን ከማመጣጠኑ ሌላ ጭማቂው አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ በላቦራቶሪ ታይቷል። ስለዚህ «የማር ወይን» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው፣ ጌሾ ያልነካው፣ ከንፈር የሚያጣብቅ ነገር በእኛ ዳኝነት የሰከረ ብርዝ ነው እንጂ ጠጅ አይደለም።

ቤት ውስጥ መጣሉን የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አይከለክልም። ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ወደ 757 ሊትር ገደማ ማለት ነው፣ ለራሱ መጠጫ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ብቸኛ ሰው ከሆነ 100 ጋሎን። ያለ ፈቃድ መሸጥ ግን ክልክል ነው። ለማኅበር የወጣ ጠጅ ላይ ዋጋ የሚቆርጡ ወገኖቻችን ይህን ልብ ቢሉት ይበጃል።

«ዴንቨርም እንደኛ ደጋ ነው፣ ለምን ጓሯችን አንተክለውም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከፍታውስ ይመቻል፤ 1609 ሜትር ለጌሾ እንግዳ አይደለም። ችግሩ ክረምቱ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2022 ዴንቨር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። ኩዊንስ ለማፍራት ብርድ የሚሻ ዛፍ በመሆኑ ክረምት አያስደነግጠውም፤ ጌሾ ግን የሚያውቀው የደጋን ውርጭ እንጂ ይህን አይደለም። የሞከረ ሰው በድስት ተክሎ በብርድ ወራት ወደ ቤት ማስገባት ይኖርበታል። ዘሩንም በሻንጣ ደብቆ ማምጣት አያዋጣም፤ የግብርና መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለዚህ የቻምበርስ ሮድ ጌሾ ከገበሬው ጓሮ መምጣቱ አይቀርም። በዚያ ጓሮ ጌሾ አንዴ ከተተከለ ለዓመታት ቅጠሉ እየተለቀመ ገበያ ይወጣል፤ ጨው፣ ዘይትና ደብተር ይገዛበታል። ከተማ ደርሶ ደግሞ ጠላ ሻጯ ልጆቿን ታሳድግበታለች። እኛ በመንግሥት ጋዜጣ ዴስክ በነበርንባቸው ዓመታት የቡና ዜና ሲመጣ የፊት ገጽ ይለቀቅለት ነበር፤ ጌሾ አንድ ዐምድ አግኝቶ አላየንም። ቡና ዶላር ያመጣል፣ ጌሾ የሚያመጣው ሴቶች በመቀነታቸው የሚቋጥሩትን ብር ነው። ዶላር ያልሆነ ነገር ዜና አይሆንም ነበር።

ዛሬ ያው ጓሮ ብዙ ቦታ ላይ ለጫትና ለባሕር ዛፍ እየተለቀቀ ነው። በላዩ ጦርነት ተጨመረበት፦ በትግራይ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022፣ አማራ ክልል ደግሞ በ2023 የፈነዳው። ሁለቱም ጌሾ ከጠላና ከጠጅ ጋር የኖረባቸው አገሮች ናቸው። ጌሾ ከደረቀ ቶሎ አይበላሽም፤ መንገድ ተዘግቶ ገበያ ካልደረሰ ግን ገበሬዋ ቤት የተከመረ ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው።

ለቻምበርስ ሮድ ነጋዴዎች አንድ ጥያቄ አለን። በቡናው ከረጢት ላይ ሲዳማ፣ ሐረር፣ ይርጋጨፌ ተብሎ ይጻፋል። በጌሾው ላስቲክ ላይስ የወረዳው ስም ቢጻፍ ስንት ሳንቲም ያስወጣል?