«አረብ ቤት»፦ ሱቁ ቢዘጋም ያልተዘጋው መዝገብ

በብዙ ትናንሽ ከተሞቻችን አንድ አዛውንት «አረብ ቤት የቱ ነበር?» ተብለው ቢጠየቁ ለማሳየት አይቸገሩም። የቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊት በረንዳ፣ በሳንቃ የሚዘጋ ሰፊ በር። ከፊት ሱቅ፣ ከጓሮ የባለሱቁ መኖሪያ። ስኳር፣ ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙናና አቡጀዲ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሸጥ ነበር። ረመዳን ሲገባ ቴምሩም የሚገዛው ከዚያው ነበር።

ባለሱቆቹ አብዛኞቹ ከየመን የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1897 የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሥራ ሲጀመር የመናውያን በሠራተኝነት ተሰማሩ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በመስመሩ ላይ እንደ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶና አዋሽ ያሉ ጣቢያዎች ወደ ከተማነት አደጉ፤ የየመን ነጋዴዎችም ንግዳቸውን ከሐዲዱ ርቀው ወደ ገጠር ከተሞች ጭምር አስፋፉ። ብዙዎቹ ከአገሬው ሴቶች ጋር ተጋብተው ልጆች አፈሩ፤ ልጆቹም የአካባቢውን ቋንቋ አፋቸውን ፈቱበት።

ሱቁን ከሰፈሩ ጋር ያስተሳሰረው ዱቤ ነበር። ደመወዝ ወይም ምርት እስኪደርስ ይወሰዳል፣ በመዝገብ ይሰፍራል። ይህ ለሙስሊም ነጋዴ ልማድ ብቻ አይደለም። የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ በቀጠሮ የሚከፈል ዕዳ እንዲጻፍ ያዛል፤ 280ኛው ደግሞ የተቸገረ ተበዳሪ እስኪያገኝ እንዲታገሡት ያስተምራል።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት በቀበሌ ሥር ገቡ። በነዚያ ዓመታት ብዙ የመናውያን ሱቃቸውን ዘግተው ከአገር ወጡ፤ ቤቶቹ ተከራይ ቀያየሩ፤ መንገድ ሲሰፋና ፎቅ ሲሠራ የፈረሱም አሉ።

ባለሱቁ ቢሄድም የዱቤው ጉዳይ አልተቋጨም። በእስልምና ዕዳ በጊዜ ርዝመት አይሰረዝም፤ ሟች ዕዳ ካለበት ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈላል። እናት ወይም አባታችሁ «የአረብ ቤቱ ዱቤ ቀርቶብኛል» ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ፣ የባለሱቁን ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ማፈላለግ ይገባል። እነርሱን ማግኘት ካልተቻለ፣ በባለገንዘቡ ስም ሶደቃ ስለ መስጠት ዓሊሞችን ጠይቁ።

የባለሱቁ ዘሮችም ድርሻ አላቸው። በአረብኛ የተጻፈ አሮጌ መዝገብ እቤታችሁ ካለ እንደ ተራ ወረቀት አትጣሉት፤ ማን ከማን ጋር በመተማመን እንደኖረ የሚናገር ሰነድ ነውና። ዕዳውን ይቅር ማለት ለወደደም ቁርኣን እዚያው አንቀጽ ላይ ይህ የተሻለ መሆኑን ይነግረዋል።

ዘንድሮ ለኢፍጧር ስትሰበሰቡ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፦ የሰፈራችን አረብ ቤት የቱ ነበር? ባለቤቱስ ማን ነበሩ? ለእርሳቸው የቀረብን አለ?