አልፎ አልፎ የሚታይ የሞተር ብልሽት እንዴት ይለያል?

ዕድሜ የጠገቡ መኪኖች ባለቤቶች ደጋግመው የሚያነሡት ችግር አለ። ሞተሩ መንገድ ላይ ይርገፈገፋል፤ ጉልበት ያጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ጋራዥ ሲደርስ ግን ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይሠራል። መካኒኩ ብልሽቱን በዓይኑ ስለማያየው በግምት ካንዴላ ይቀየራል፤ ቀጥሎ ኮይል፣ ከዚያም የነዳጅ ፓምፕ ይገዛል። ገንዘቡ ያልቃል፤ መኪናው ግን ታማሚ ወይም የገበያ እህል እንደጫነ ዳግም መንገድ ላይ ይቆማል።

እንዲህ ያለውን ብልሽት ለማግኘት ቀዳሚው ጥያቄ "ምኑ ተበላሸ?" ሳይሆን "መቼ ይታያል?" የሚለው ነው። ይህም በተለይ ካርቡሬተር ላላቸው የቤንዚን መኪኖች፣ ለምሳሌ ለቀድሞዎቹ ቶዮታ ኮሮላዎችና ላዳዎች ይሠራል።

የቤንዚን ሞተር በአግባቡ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። እነርሱም ተመጣጣኝ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ፣ በሰዓቱ የሚደርስ የእሳት ብልጭታ እና ድብልቁን በሲሊንደሩ ውስጥ በሚገባ ማመቅ ናቸው። እንደ ተቃጠለ ቫልቭ ያለ የማመቅ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠፋ የሚቆይ ነው። መጥቶ የሚሄድ ብልሽት ግን በአመዛኙ ከብልጭታ ወይም ከነዳጅ ይመነጫል።

ችግሩ በዝናብ ወይም በማለዳ ጤዛ ጊዜ ከበረታ፣ ወደ ካንዴላ የሚሄዱት ገመዶችና የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ሊመረመሩ ይገባል። የተሰነጠቀ ክዳን ወይም ያረጀ ገመድ ርጥበት ሲያገኘው ኤሌክትሪኩን ወደ ውጭ ያስወጣል። በጨለማ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በማስነሣት ከገመዶቹ ላይ የሚፈናጠር ብልጭታ መኖሩን ማየት ይቻላል። ይሁን እንጂ በውስጣቸው የሚያልፈው ኃይል በሺዎች በሚቆጠር ቮልት የሚለካ በመሆኑ በእጅ መንካት አደገኛ ነው።

ሞተሩ የሚቸገረው ከጋለ በኋላ ከሆነና ሲቀዘቅዝ የሚስተካከል ከሆነ ሁለት ነገሮች ይጠረጠራሉ። አንደኛው ሲግል የሚደክም ኮይል ወይም ኮንደንሰር ነው። ሁለተኛው ነዳጁ በቱቦው ውስጥ መትነኑ ነው። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዳግም የሚወጣበት የዓባይ በረሃ መንገድ ለዚህ ዓይነተኛ ቦታ ነው፤ ሙቀቱና ረጅሙ ዳገት በአንድነት ሞተሩን ያግላሉና።

ሁለቱን ለመለየት የሚቻለው ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ነው። አንድ ትርፍ ካንዴላ ከገመዱ ጋር አገናኝቶ፣ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር በማስነካት ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር ማድረግ ይገባል። ካንዴላው በደንብ በተሸፈነ ፒንሳ መያዝ አለበት። ደማቅ ብልጭታ ከታየ ችግሩ ወደ ነዳጅ ያመዝናል፤ ካልታየ ወደ ኮይል፣ ኮንደንሰር ወይም የላላ ሽቦ ያመለክታል። የነዳጅ ሽታ ካለ ወይም ቤንዚን ከፈሰሰ ግን ይህ ሙከራ ፈጽሞ አይደረግም።

በሜዳ ደኅና ሄዶ ዳገት ላይ የሚቆራረጥ ሞተር በቂ ነዳጅ እየደረሰው ላይሆን ይችላል፤ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ ይፈተሻል። በሚኒሞ እየተንቀጠቀጠ ነዳጅ ሲሰጠው የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ ከካርቡሬተሩ በታች አየር የሚያስገባ የተቀደደ ቱቦ ወይም የተደፈነ የሚኒሞ ቀዳዳ ይጠረጠራል። ኮረኮንች ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ የባትሪውን ማሰሪያዎችና ከአካሉ ጋር የተያያዘውን ሽቦ ማጥበቅ ይቀድማል።

ብዙዎች የማይጠረጥሩት የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ክዳን ነው። የአየር መግቢያው በአቧራ ከተደፈነ ነዳጁ በወጣ ልክ አየር አይተካም፤ ከረጅም ጉዞ በኋላም ሞተሩ ይጠፋል። ክዳኑ ሲከፈት አየር እየሳበ ከጮኸና መኪናው ወዲያው ከተነሣ መንስኤው ያለ ምንም ወጪ ተገኘ ማለት ነው። በሞተር የውኃ መሳቢያ መስኖ የሚያለሙ አርሶ አደሮችም የቤንዚን ፓምፓቸው እየሠራ ሲጠፋ ይህንኑ አስቀድመው ሊያዩ ይገባል።

የካንዴላው መልክም መረጃ ይሰጣል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ጤናማ ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የነዳጅ መብዛትን ወይም የብልጭታ መድከምን፣ ዘይት የነካው ርጥበት የዘይት መቃጠልን፣ ነጭ ደግሞ የነዳጅ ማነስን ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል።

ስለዚህ በመኪናው ውስጥ ትንሽ ደብተር ማኖር ይመከራል። ችግሩ በታየ ቁጥር ሰዓቱን፣ የአየሩን ጠባይ፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የመንገዱን ዓይነትና የነዳጁን መጠን መጻፍ ይበቃል። ጥገናም ሲደረግ በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ መቀየር፣ ውጤቱንም ጥቂት ቀናት መከታተል ተገቢ ነው። ሦስትና አራት ዕቃ በአንድ ቀን ከተቀየረ፣ ሞተሩ ቢስተካከል እንኳ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።