ፍሬን የበጠሰ ሴል

ጊምቢቹ ውስጥ አንድ አባት ድምፃቸው ከሻከረ ሁለት ወር አለፈው እንበል። «ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» እያሉ ቆዩና ሲመረመሩ የማንቁርት ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሙ «አንድ ዘረ-መል ተበላሽቶ ነው» ሲል ልጆቻቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ «በዘራችን አለ ማለት ነው?»

አይደለም። እዚህ ላይ የሚያሳስተው ቃሉ ራሱ ነው። ዘረ-መል ሴል ምን መሥራት እንዳለበት የሚነግረው ትእዛዝ ነው። ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ቅጂ ይዘን እንወለዳለን። ነገር ግን ደህና ሆኖ የተወረሰ ትእዛዝ ከ50 ዓመት በኋላ በምላስ ወይም በማንቁርት ላይ ባለች አንዲት ሴል ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ብልሽቱ በዚያች ሴልና ከእሷ በሚባዙት ላይ ይቀራል እንጂ ለልጅ አይተላለፍም። ከወላጅ ተበላሽቶ የሚወረስበት ጊዜ ቢኖርም ብርቅ ነው።

ለመሆኑ የተበላሸው የትኛው ነው? ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ አይሱዙ አስቡ። ነዳጅ መስጫም ፍሬንም አለው። ሴልም እንዲሁ ነው፤ «ተባዛ» የሚሉ ዘረ-መሎች አሉ፣ «ቁም» የሚሉም አሉ። ዕጢ ተከላካይ የሚባሉት የኋለኞቹ ናቸው። ሁለት ቅጂ መኖሩ ደግሞ የእግርና የእጅ ፍሬን እንደመያዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መኪናው የሚያመልጠው ሁለቱም ሲሄዱ ነው።

ከፍሬኖቹ ሁሉ የታወቀው ቲፒ53 ነው። የሚያመርተው ፕሮቲን ፒ53 ይባላል። ትእዛዞቹ የተጻፉበት የሴሏ ዲኤንኤ ሲጎዳ ፒ53 ይበዛና መባዛቷን ያስቆማል፤ ጉዳቱ እስኪጠገን ጊዜ ይሰጣል፤ ካልተጠገነ ሴሏ ራሷን እንድታጠፋ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲገኝ ሳይንቲስቶች ካንሰር አምጪ መስሏቸው ነበር። ሥራው መከላከል መሆኑ የታወቀው ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ ያዩት የነበረው የተበላሸውን ቅጂ ኖሯል። ይህ ፕሮቲን አራት አራት ሆኖ ተያይዞ ስለሚሠራ፣ አንዱ ብልሹ ሲገባበት ደህናዎቹንም ያሰናክላል። ለዚህ ነው አንዱ ቅጂ ብቻ መበላሸቱም ቀላል የማይሆነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት የ279 ሰዎችን የጭንቅላትና የአንገት ዕጢ (የአፍንና የማንቁርትን ጨምሮ) መርምሮ፣ ከ10ሩ በ7ቱ ያህል ቲፒ53 ተበላሽቶ አግኝቶታል።

ማን ያበላሸዋል? ቀዳሚው ትንባሆ ነው። በጭሱ ውስጥ ያሉ መርዞች ከዲኤንኤ ጋር ተጣብቀው ትእዛዙን ያዛባሉ። በሲጋራም ይጨስ በጋያ ያው ነው፤ የጋያው ውኃ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራውም። አረቄም ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ ዲኤንኤ የሚጎዳ ኬሚካል ይወጣዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው አደጋው ተደምሮ ሳይሆን ተባዝቶ ይመጣበታል።

ሌላው መንገድ ኤች.ፒ.ቪ የተባለው ቫይረስ ነው። ይህ በተለይ በቶንሲልና በምላስ ሥር ለሚነሳ ካንሰር መንስኤ ይሆናል። እሱ ዘረ-መሉን አይነካም፤ የተመረተውን ፒ53 ግን እየያዘ ያስፈጨዋል። ፍሬኑ ደህና ነው፣ ግን እየተሰረቀ ነው እንደማለት። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት የሚከላከለው ይህንኑ ቫይረስ ነው።

የተበላሸውን ፍሬን መልሶ የሚጠግን መድኃኒት በአገራችን መደበኛ ሕክምና ውስጥ ገና የለም። የሚታከመው በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በኬሞቴራፒ ሲሆን ቶሎ ሲደረስበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል፣ የድምፅ መሻከር፣ የአንገት እብጠት ወይም የመዋጥ ችግር ካለ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ከዚያ ወደ ሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል፣ ጨረር ካስፈለገ ደግሞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳን ወደመሰለ ማዕከል ይላካል።

የእኚያ አባት ልጆች «በዘራችን አለ» ብለው አንገት ከሚደፉ፣ ቤት ውስጥ ጋያ የሚያጨስ ሰው መኖሩን ቢጠይቁ ይሻላቸዋል።