«ሎክዳውን ሞድ» በአማርኛ ምን ይባል?

ለባዕድ ቃል አቻ ስንፈልግ ከቃሉ በፊት የምንመረምረው ቃሉ የቆመለትን ነገር ነው። በኮምፒዩተር ሙያ «ሎክዳውን ሞድ» የተባለውን ቃል በቃል ብንተረጉመው «የመቆለፍ ሁናቴ» ይሆናል። ይህ ግን አንባቢን ያሳስታል።

ሥርዓተ ክወና አገልግሎቱ በበዛ መጠን ለአጥቂ የሚያመቸው በርም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ እንደ ሆነው፣ ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ባለቤቱ አንዳች ሳይነካ በመልእክት በኩል ወደ አይፎን ይገባ ነበር። አፕል በ2022 ከአይኦኤስ 16 ጋር ያወጣው ሎክዳውን ሞድ እንዲህ ያሉትን በሮች ለማጥበብ የተሠራ ነው። ባለቤቱ ፈቅዶ ሲያበራው ስልኩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፤ ከዚያም አብዛኞቹ የመልእክት አባሪዎች ይታገዳሉ፤ አንዳንድ ውስብስብ የድረ ገጽ ስልቶች አይሠሩም፤ ባለቤቱ ከዚህ ቀደም ያላነጋገረው ሰው በፌስታይም ቢደውል ጥሪው አይደርስም። ስልኩ መሥራቱን አያቋርጥም፤ ለጥበቃ ሲባል ከምቾቱ ከፊሉን ይተዋል።

በሊኑክስ ደግሞ በ2019 በወጣው 5.4 ከርነል ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ ሥርዓት ገብቷል። ሁለት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው የሥርዓተ ክወናው አስኳል የሆነው ከርነል በሥራ ላይ ሳለ እንዳይለወጥ ይከላከላል፤ ሁለተኛው በተጨማሪ በከርነሉ የተያዘ ምስጢር እንዳይወጣ ያግዳል። ክልከላው «ሩት» የሚባለውን ባለ ሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ እንኳ ይገታል።

እንግዲህ የቀረቡትን አማራጮች እንመልከት። «መቆለፍ» ስልክ በምስጢር ቁጥር ከመዘጋቱ ጋር ይምታታል። «የደኅንነት ሁናቴ» ለ«ሴፍ ሞድ» ይቀርባል፤ እርሱ ግን የታወከ ኮምፒዩተር በጥቂት ሶፍትዌር ብቻ ተነሥቶ የሚጠገንበት ነው እንጂ አጥቂ የሚመከትበት አይደለም። «እገዳ» ከውጭ የተጣለ ቅጣት ያስመስላል፤ ባለ አይፎኑ ግን ክልከላውን የመረጠው ራሱ ነው።

ስያሜው ቢሳሳት ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ አይቀርም። ሰላዮች የሚከታተሉት ጋዜጠኛ፣ ስልኬን በምስጢር ቁጥር ስለ ቆለፍሁ ይህ ጥበቃ አለኝ ብሎ ቢያምን፣ በሮቹ ሁሉ እንደ ተከፈቱ ይቀራሉ።

ስለሆነም «ጥብቅ ሁናቴ» የሚለውን እናቀርባለን። «ይጠብቃል» የሚለው ግስ «በ» ሲላላ የመክረርን፣ ሲጠብቅ የመከላከልንና የመቆየትን ትርጉም ይሰጣል። «ጥብቅ» የሚለው ቅጽል ግን መክረርንም መከላከልንም ያስተናግዳል፤ «ጥብቅ ትእዛዝ» እንላለን፣ «ጥብቅ ደን»ም እንላለን። በጥብቅ ደን ውስጥ እንጨት መቁረጥና ከብት ማሰማራት የሚከለከለው ደኑ እንዲኖር ነው፤ በዚህም ሁናቴ አገልግሎት የሚቀነሰው መሣሪያው እንዲጠበቅ ነው።

ለመዝገበ ቃላት የሚሆነውን ፍቺ እንደሚከተለው አዘጋጅተናል፦

ጥብቅ ሁናቴ፦ (ስም) ሥርዓተ ክወና ለጥቃት የሚያጋልጡትን አገልግሎቶች በመከልከል ወይም በመቀነስ መሣሪያውን የሚጠብቅበት የአሠራር ሁኔታ። «ስልኩን በጥብቅ ሁናቴ አዋለው።»

ከዚህ የተሻለ ስያሜ ያለው አንባቢ ቢገኝ፣ ከምክንያቱ ጋር ቢያቀርብልን በደስታ እንቀበላለን።